ሦስተኛው ዓምድ

ዓርብ፣ ኅዳር 12

አገርነሽ፦ ሙቀት 38.1፣ የልብ ምት 92፣ ውኃ ሦስት ብርጭቆ፣ እሱም በግድ።

ይህን ደብተር ረዑት የሰጠችኝ የሚገዛ ነገር እንድጽፍበት ነበር። ዛሬ ለሙቀት ጀመርሁት። ጎንደር ነርስነት ስማር ያልተጻፈ ሙቀት እንዳልተለካ ይቆጠር ነበር፤ በሰባ ስምንት ዓመቴም ከዚያ ልማድ አልወጣሁም።

ትናንት የቤተ እስራኤል የጸሎት በዓላችን ስግድ ነበር። ኢየሩሳሌም ላይ ከጧት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆመን ዋልን። ነፋሱ ብርቱ ነበር። እኅቴ አገርነሽ ካፖርቷን አውቶቡሱ ውስጥ ትታ በነጠላ ብቻ ወረደች። ብቆጣት «እታለም፣ አንቺ እኮ ጸሎቱንም በቴርሞሜትር ትለኪዋለሽ» አለችና ሴቶቹን ሁሉ አሳቀችብኝ። ከተማችን ቂርያት ጋት ስንደርስ ጥርሷ ይንገጫገጭ ነበር። ጎኗን ይዛ ነው ደረጃውን የወጣችው። ሽንቷ እንደገና ያቃጥላታል። ከመስከረሙ በዓላት ወዲህ ሦስተኛ ጊዜዋ ነው።

ጧት ሁለት ክኒን ሰጠኋት። አራት ቀርተዋል።

እሑድ፣ ኅዳር 14

39.6። ብርክ። ስቀሰቅሳት በእናታችን ስም ጠራችኝ።

ለልጅ ልጇ ለረዑት ደወልሁ። ከካርሜ ጋት ሰፈር ፀጉሯን ሳታበጥር መጣች። አምቡላንስ። ሰዎቹ አውርደዋት ሲያበቁ የጤና ካርዷን ረስቼ ተመለስሁ። እኔ! ካርድ ረስቼ!

በተመለስሁበት አፍታ መሳቢያው ውስጥ የነበረውን የክኒን ፌስታል አውጥቼ ከላይ ቁም ሳጥኑ ውስጥ፣ ከአንሶላዎቹ በስተኋላ አደረግሁት። ሰዎቹ ታች እየጠበቁኝ ይህን ለምን እንደ ሠራሁ አላውቅም።

ሰኞ፣ ኅዳር 15

ሙቀት 39.3። የደም ግፊቷ ዝቅ ብሏል። ግሉኮስ በሁለት እጇ ገብቶላታል። ኢንፌክሽኑ ከሽንቷ ወደ ደሟ ሳይገባ አልቀረም ይላሉ።

ትናንት ድንገተኛ ክፍል የተቀበለችን ሐኪም የረዑት እኩያ ናት። ቆማ ጠየቀች፣ ቆማ ጻፈች። አገርነሽ ዕብራይስጧ የገበያ ብቻ ስለሆነ የማስተረጉመው እኔ ነበርሁ። ስኳር አለባት? የለባትም። ቀዶ ጥገና? የለም። ባለፉት ሦስት ወራት አንቲቢዮቲካ ወስዳለች?

አስተርጓሚ የተጠየቀውን ያስተላልፋል እንጂ ራሱ አይመልስም። እኔ ግን ወደ አገርነሽ ሳልዞር መለስሁ። አልወሰደችም አልሁ። ሐኪሟ ኮምፒዩተሯ ላይ አንድ ቦታ ነካችና ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈች።

ደክሞኝ ነበር። ደግሞም የጤና መድን ክሊኒካችን፣ ኩፓት ሆሊም፣ ያልጻፈው መድኃኒት ኮምፒዩተሩ ውስጥ የለም። የሌለውን ነገር አለ ብሎ መጀመር ብዙ ማብራራት ይጠይቃል። ወደ ቤት የምመለስበት ባቡርም ሊሄድብኝ ነበር።

የተለመደውን መድኃኒት ጀምረውላታል፤ ለዚህ ዓይነት ሕመም መጀመሪያ የሚሰጠውን።

ዓርብ ዕለት የጻፍሁትን የመጨረሻ መስመር በእስክሪብቶ ሰረዝሁት። በደንብ ስላልተሰረዘ ይነበባል።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16

39.2። መውረድ ነበረበት።

ማንም ባይጠይቀኝም ክፍሉን ስመለከት ዋልሁ። በየበሩ የእጅ ማጽጃ ፈሳሽ ተሰቅሏል። የሚገባው ሁሉ እጁን ያሻል፤ ወዲያው ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ይነካና በዚያው እጁ ሕመምተኛዋን ይነካል። ሦስት ቆጠርሁ። እኛ ጎንደር የትኩሳት ክፍል ውስጥ ሠላሳ ሁለት አልጋ፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ ሳሙና ነበረን። የነርሶች አለቃችን ሜትረኗ ግን በሩ ላይ ቆማ ጥፍራችንን ታይ ነበር። ስልክም አልነበረን።

ያም ሆኖ እዚህ አንሶላው በየቀኑ ይለወጣል። ያንን አልክድም።

ሺሊ የምትባል ነርስ አለች። ቀይ ፀጉር፣ ፈጣን እጅ። መርፌዋን ሳይ ዋልሁ፤ ስህተት አላገኘሁባትም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 17

የደም ምርመራው ውጤት መጣ። ሲሰጣት የሰነበተው መድኃኒት ለዚህ ባክቴሪያ ምኑም አይደለም። ሦስት ቀን ውኃ እንደ ሰጧት ይቆጠራል።

ብቻዋን ክፍል አስገቧት። ቢዱድ ይሉታል። በሩ ላይ ቀይ ወረቀት ተለጠፈ፤ የሚገባ ሁሉ ቢጫ ጋውንና ጓንት ያደርጋል፣ ሲወጣ አውልቆ ይጥለዋል። ባክቴሪያው በእጅ ወደ ሌሎች ሕመምተኞች እንዳይሄድ ነው። አውቀዋለሁ። ይህን ለማወቅ ማንም እንዲያስረዳኝ አያስፈልገኝም ነበር፤ ግን አስረዱኝ፣ ቀስ ብለው፣ ለሕፃን እንደሚያስረዱ።

ከሰዓት በኋላ አገርነሽ ትንሽ ነቃች። ዙሪያዋን አየች፣ እኔን በቢጫ ጋውን አየችኝ።

«እታለም፣ ምን አድርጌ ነው ብቻዬን ያስቀመጡኝ?»

«ሕመሙ ወደ ሰው እንዳይተላለፍ ነው።»

አሰበች፤ ከዚያ ሣቋ መጣ። «በሰባ ዓመቴ እንደገና የመርገም ጎጆ አስገቡኝ በያ! ንገሪያቸው፣ እኔ ከተውሁት ሃያ ዓመት አልፎኛል።»

እኔም ሣቅሁ፤ አልክድም። ሺሊ ምን እንደሚያስቀን ጠየቀችኝ። ነገርኋት፦ በአገራችን ሴት በወሯ ጊዜ ከቤቷ ወጥታ ከመንደሩ ዳር ባለች ጎጆ ትቀመጣለች፤ ጎጆዋ በድንጋይ ትከበባለች፤ ምግብ የሚያመጣላት ሰው ከድንጋዩ ወዲህ አስቀምጦ ይሄዳል፤ ሰባት ቀን ሲሞላት ወንዝ ወርዳ ታጥባ ትገባለች። ሺሊ «ልክ እንደኛ» አለችና ወለሉ ላይ የተሰመረውን ቀይ መስመር አሳየችኝ።

ስወጣ አገርነሽ በአማርኛ «ያኔም አንቺ ድንጋዩን አልተሻገርሽም» አለች። ተኝታ እየተናገረች መስሎኝ ነበር። ዓይኗ ግን ክፍት ነው።

ዓርብ፣ ኅዳር 19

38.7። አዲሱ መድኃኒት ሁለተኛ ቀኑ ነው። ብርቱ መድኃኒት ነው፤ የተላላፊ በሽታዎች ሐኪሙ ዶክተር ሊኦር ካልፈረመበት ከፋርማሲው አይወጣም። ሜትረኗ የመድኃኒት ቁም ሳጥኑን ቁልፍ በአንገቷ ታንጠለጥለው ነበር። እዚህ ቁልፉ ሰው ነው።

ሰንበት ሊገባ ነው። ይበቃል።

እሑድ፣ ኅዳር 21

ዛሬ ዶክተር ሊኦር ወንበር አምጥቶ ከክፍሏ መስተዋት ውጭ አጠገቤ ተቀመጠ። ከሳ ያለ፣ መነጽሩን በግንባሩ ላይ የሚረሳ ሰው ነው። ወረቀት ይዟል።

«ጎንደር ነርስ እንደ ነበርሽ እኅትሽ ነግራኛለች» አለ። ዕብራይስጥ አንቱ የለውም፤ ለምጄዋለሁ።

«አሥራ ሦስት ዓመት።»

«እኔም አምና ሁለት ወር እዚያ ነበርሁ፤ ሆስፒታሉ ውስጥ።» ከዚያ በአማርኛ፣ ኩራት በተሞላ ፊት፣ «አይዞህ!» አለኝ።

«አይዞህ ለወንድ ነው። ለእኔ አይዞሽ ነው። በዕድሜዬ ደግሞ አይዞዎት።» 

ሦስቱንም ወረቀቱ ጠርዝ ላይ ጻፋቸው። እዚያ ላይ ወደድሁት።

የዚህንና የዚያን አገር የተላላፊ በሽታ ክፍሎች እያነጻጸረ ነው። ስንት አልጋ፣ ስንት የእጅ መታጠቢያ፣ ለትኩሳት መጀመሪያ የሚሰጠው መድኃኒት የትኛው ነው፣ ለስንት ቀን፣ የሚፈቅደው ማን ነው። የዱሮውን ከእኔ መስማት ፈለገ። ነገርሁት። ተስቦና ታይፎይድ በአንድ ክፍል እንደሚተኙ፣ መስኮቶቹ በሁለት ወገን ሌትም ቀንም እንደሚከፈቱ፣ አስታማሚዎች ከአልጋው ሥር እንደሚያድሩ፣ የመስተዋት መርፌ ሰዓት ይዘን ሃያ ደቂቃ እንደምናፈላ። ፔኒሲሊንና ክሎራምፌኒኮል ነበረን፤ ሌላ አልነበረንም። እሱንም ቢሆን በተጻፈው ሰዓት፣ በተጻፈው ቀን ቁጥር። አንዲት ተማሪ አንድ ሰዓት አሳልፋ ሰጥታ የሰጠችበትን ሰዓት አሳስታ ብትጽፍ ሜትረኗ ቆቧን አስወልቃ ወደ ቤቷ ላከቻት። ጽሑፍ ላይ ስህተት ከተገኘ አይፋቅም፤ በአንድ መስመር ይሰረዝና ይፈረምበታል፤ የተሰረዘው መነበብ አለበት።

«ያለ ማዘዣ ግን የምትሰጡበት ጊዜ ነበር?»

«አንዲት ክኒን!» አልሁት። «አንዲት ክኒን ያለ ማዘዣ ከእጄ ወጥታ አታውቅም።»

ይህን ያልሁት ጮክ ብዬ ነው። ከመስተዋቱ ወዲያ አገርነሽ ዓይኗን ጨፍና ተኝታ ነበር።

እርሱም የዛሬውን ጎንደር ነገረኝ። ሐኪሞቹ ጎበዞች ናቸው አለ፤ ነገር ግን የደም ምርመራ ጠርሙሱ ያልቃል፣ ስለዚህ በግምት ብርቱውን ያዝዛሉ። መድኃኒቱ ሆስፒታሉ ውስጥ ሲጠፋ ዘመድ ከውጭ ፋርማሲ ይገዛል፤ ገንዘቡ ለሦስት ቀን ከበቃው የሦስት ቀን። እዚህ ላቦራቶሪው አለ፤ ሰው ግን ለጉንፋኑ ካልጻፍህልኝ ብሎ የቤተሰብ ሐኪሙን እስኪያሸንፈው ይጨቃጨቃል። ወረቀቱ ላይ ሁለት ዓምድ አለ፦ እዚህ፣ እዚያ። ከጎን በእጁ ያሰመረው ሦስተኛ ዓምድ አለ። ባዶ ነው። ከላዩ «ቤት» ይላል።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ሰዎች በየቤታቸው የሚወስዱት። ከሻንጣ የሚወጣው፣ ከጎረቤት የሚገኘው። የሁለቱንም አገር ክፍሎች የሚያበላሸው እሱ ነው ብዬ አምናለሁ። ግን ማንም አይነግረኝም።»

ወረቀቱን ወደ እርሱ ገፋ አደረግሁት።

«የእኅትሽ ባክቴሪያ እዚያ ብዙ ያየሁት ዓይነት ነው። ከዚያ የመጣ መድኃኒት ወስዳ ይሆን?»

«ቆሻሻውን እኛ ነው ያመጣነው እያልህ ነው?» አልሁት።

ፊቱ ቀላ። ይቅርታ ጠየቀ። ወንበሩን ራሱ ወደ ቦታው መለሰው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 23

ዶክተሩ የጠየቀኝን ለረዑት ነገርኋት። ለምን ነገርኋት? እንድትቆጣ ነው መሰለኝ። ተቆጣች።

ረዑት ኢንዱስትሪ ቀጠናው ውስጥ የኮምፒዩተር ቺፕ የሚሠራ ፋብሪካ ነው የምትሠራው። ከራስ እስከ እግር ነጭ ልብስ ለብሳ ነው የምትገባው። ጋውኑን እየታጠቀች «እማማ ባይነሽ፣ እኛ የምንለብሰው ቺፑ እንዳይቆሽሽ ነው። እዚህ የሚለበሰው ከሳብታ፣ ከገዛ አያቴ፣ ለመሸሽ ነው። ሳብታ ምን ሆነች?» አለች።

«ባክቴሪያው የማይበገር ስለሆነ ነው።»

«ፈረንጅ ብትሆን ከአፍሪካ መድኃኒት አምጥተሽ ነው ወይ ይላታል?»

ለአቤቱታ ክፍሉ ደብዳቤ ጻፈች። በስልኳ፣ በአምስት ደቂቃ። የሐኪሙ ጥያቄ ንቀት ነው ይላል። እኅትየዋ ምንም ዓይነት መድኃኒት አለመስጠቷን አረጋግጣለች ይላል። ለምስክር እንድፈርም ስልኩን ዘረጋችልኝ።

በጣቴ ፈረምሁ።

የማላደርገው ነገር ነው ብዬ አስብ የነበረ ብዙ ነገር አለ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 25

38.0። ሽንት በሃያ አራት ሰዓት 300። በጣም ጥቂት ነው። ኩላሊቷ እየደከመ ነው፤ ከኢንፌክሽኑም ከመድኃኒቱም ሊሆን ይችላል አሉ። ፊቷ አብጧል።

እጇን በጓንት ያዝሁት። በጓንት የተያዘ እጅ ሙቀቱ አይታወቅም።

እሑድ፣ ኅዳር 28

ባቡር ውስጥ ቆሜ ሄድሁ። ማንም አልተነሣልኝም፤ አንዱ ወታደር ብቻ ዘግይቶ፣ ልወርድ ስል።

የኩላሊት እጥበት ማሽን ላይ አድርገዋታል። አራት ሰዓት። ስትነቃ «ደሜን የት ወሰዱት?» አለች። «አጥበው ይመልሱታል» አልኋት። «እንግዲያ ከነጠላዬ ጋር ይጠቡት» አለች። ድምፅዋ ሳይሰማ፣ ከንፈሯ ብቻ።

ሦስት ቀን። መጀመሪያ ላይ የባከነው ሦስት ቀን ነው። በዚያ ሦስት ቀን ባክቴሪያው ማንም ሳይነካው ደሟ ውስጥ ዋለ አደረ። ሐኪሟ አዎ የሚል መልስ ብትሰማ ኖሮ ከመጀመሪያው ሌላ መድኃኒት ትሰጣት ነበር። ይህን ማንም አልነገረኝም። እንዲነገረኝ አያስፈልግም።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 1

ጎረቤታችን አባ ቢረሳው ከሦስተኛ ፎቅ ወረዱ። የእኅቴን ጤና ጠየቁ፣ ብዙ መረቁ፣ ሳሉ። ከዚያ ወደ ጉዳያቸው ገቡ።

«ይህ ሳል ደረቴን በላው። ኩፓት ሆሊም ሄድሁ፤ ልጅቱ ውኃ ጠጣ አለችኝ። ውኃ ለመጠጣት ሐኪም ዘንድ ይኬዳል? ወይዘሮ ባይነሽ፣ ያች ቀይና ጥቁሯ ካፕሱል ካለሽ...»

ለእርሳቸው ሁለት ጊዜ ሰጥቻቸዋለሁ። ለሌሎችም። በዚህ ሕንፃ ውስጥ ማን ምን እንደ ወሰደ ከኩፓት ሆሊም ይልቅ እኔ አውቃለሁ፤ የትም ግን አልጻፍሁትም።

እንዲህ ነው የሚሆነው። የወንድማችን ልጅ አይቸው በየክረምቱ ጎንደር ደርሶ ሲመለስ፣ በርበሬና ሽሮ እንደሚጭነው ሁሉ ክኒንም ይጭናል። ሁሉም ይጭናል። ስጦታ ነው። «ለአክስቴ፣ እርሷ ታውቅበታለች» ብሎ ፌስታሉን ጉልበቴ ላይ ያስቀምጠዋል። ታውቅበታለች! ወረቀቴ ወደ ሱዳን ስንጓዝ መንገድ ላይ ከቀረ በኋላ፣ እዚህ ነርስ ነኝ ብል የሚያምነኝ መሥሪያ ቤት አልነበረም። ሃያ አራት ዓመት የሽማግሌዎች ቤት ወለል ወለወልሁ፤ ሰገራ ተሸከምሁ። ጎረቤት በሬን አንኳኩቶ «ያመኛል» ሲለኝ ግን ያን ቀን ነርስ ነበርሁ።

ለአባ ቢረሳው «አለቀ» አልኋቸው። ውሸት ነው። ከአንሶላዎቹ በስተኋላ አለ።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 5

37.6። ሽንት 700። ሺሊ ጣቷን ሰብስባ ሳመች።

ምሽቱን የሐኑካ በዓል የመጀመሪያው ሻማ ነው። ቢዱድ ውስጥ እሳት ክልክል ስለሆነ ሺሊ ከመስተዋቱ ውጭ በባትሪ የሚሠራ ሻማ አቆመችላት። አገርነሽ አይታው «ይኼ ደግሞ የማይቀልጥ ነው፤ እንደ እታለም» አለች።

ለሕመምተኞች በአማርኛ የምታስተረጉም ሊያት የምትባል ልጅ ከክፍሏ ስትወጣ አገኘኋት። ዶክተሩም አብሯት ነበረ። እኔን ሲያዩ ንግግራቸውን አቆሙ።

«ምን ነገርሻቸው?» አልኋት አገርነሽን።

«የሴት ጉዳይ ነው።»

«ለወንድ ሐኪም?»

«አረጀሁ፤ ኀፍረቴ አለቀ» አለች።

ማልቀሱ ዛሬ ለምን እንደ መጣብኝ አላውቅም። በመስከረም ኩፓት ሆሊም ሽንቷን በብልቃጥ እንድታመጣ አዘዋት ነበር። «ሽንቴን በፌስታል ይዤ አውቶቡስ ልሳፈር? ሹፌሩ ወጣት ነው፣ ሐኪሙ ወጣት ነው» ብላ እምቢ አለች። እኔ መሄድ እችል ነበር። ብልቃጡን ልይዝላት እችል ነበር። ከዚያ ይልቅ መሳቢያውን ከፈትሁ። ሦስት ቀን ሰጥቼ ሲሻላት፣ የቀረው ለሌላ ጊዜ ይሁን ብዬ አቆምሁ። ክኒን መቆጠብ! ጨው ይመስል። ለሌላ ጊዜም ሆነ፤ በጥቅምት አራት ቀን ሰጥቼ እንደገና አቆምሁ።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 7

ዶክተር ሊኦር ኮሪደሩ ላይ ጠራኝ። የአቤቱታው ደብዳቤ የደረሰው ይመስለኛል፤ ሳይቆጣ፣ ግን በጥንቃቄ ነው የሚናገረው።

«እኅትሽ በሊያት በኩል ነግራኛለች። ሊያት የተረጎመችልኝን ቃል በቃል ልንገርሽ? ‹ከእኅቴ መሳቢያ ሰርቄ ዋጥሁ። እርሷ አታውቅም። ብታውቅ ኖሮ ትገድለኝ ነበር፤ እርሷ ያለ ማዘዣ አንዲት ክኒን አትሰጥም።›»

በመስተዋቱ በኩል ወደ አልጋዋ አየሁ።

«ቤት ስትሄጂ ስንት እንደ ቀረ እይልኝ፤ ስሙንም። ለሕክምናዋ ይጠቅመኛል። ደግሞ» አለና ቃል ፈለገ፣ «እባክሽ አትቆጫት። ፈርታ ነው። የልጅ ልጇ አቤት ያለችበትንም ነገር ለቀቅ አድርጊው፤ ምናልባት አጠያየቄ መጥፎ ነበር።»

እሺ አልሁት።

ባቡሩ ውስጥ ቦታ አገኘሁ። አልተቀመጥሁም።

አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር። እኔ ከጎንደር ለዕረፍት መጥቼ ነበር፤ ነጭ ጫማ አድርጌ። ለመጀመሪያ ጊዜ ጎጆ ገባች። ዝናብ ነበር። ምግቧን ይዤ ሄድሁ፤ ከድንጋዩ ወዲህ አስቀመጥሁ። «እታለም፣ እፈራለሁ፤ ግቢ» አለችኝ። «ሥርዓት ነው» አልኋትና ተመለስሁ። ከኋላዬ ስታለቅስ እሰማት ነበር። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አላነሣችብኝም፤ ያን ቀን በቀይ መስመሩ አጠገብ ካልሆነ በቀር።

አሁን ደግሞ እርሷ ነች ድንጋዩን የተሻገረችልኝ። ሌባ ተብላ።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 8

ፌስታሉን ይዤ ሄድሁ። ረዑትን ከፈረቃ ስትወጣ ጣቢያው ላይ ጠብቂኝ አልኋት፤ ባቡር ውስጥ ሁሉንም ነገርኋት። ድምፄን ዝቅ አላደረግሁም፤ ፊት ለፊታችን የነበሩት አማርኛ አያውቁም።

«ግን ፈርመሻል» አለች። «እማማ ባይነሽ፣ ፈርመሻል እኮ።»

«ፈርሜአለሁ። ዛሬ ደግሞ ሌላ እፈርማለሁ። ደብዳቤሽን መልሺው።»

እስከምንወርድ ስልኳ ላይ ደብዳቤውን ደጋግማ አነበበች። ስንወርድ ግን ቦርሳዬን ያዘችልኝ።

በፊት ወደ አገርነሽ ገባሁ። ጋውን፣ ጓንት። «ለሐኪሙ ያልሽውን ሰማሁ። ልናገር ነው» አልኋት።

«ተይ!» አለች፤ ከትራሷ ቀና ልትል ሞከረች። «ባለ ሙያ ነሽ፣ ምን ይሉሻል? እኔን ምን ያደርጉኛል፣ አሮጊት ሌባ።»

«እኔ ነኝ የሰጠሁሽ።»

«በሕይወቴ አንድ ጊዜ ሌባ ልሁን ብል እሱንም ከለከልሽኝ» አለችና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ትከሻዋ ይነቃነቅ ነበር። ሣቅ ይሁን ልቅሶ አላየሁም።

ዶክተር ሊኦርን ቢሮው አገኘሁት። ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ አደረግሁና ያንን ወረቀት አምጣ አልሁት። ሦስተኛው ዓምድ አሁንም ባዶ ነው። እስክሪብቶውን ተቀብዬ፣ እንደ ተማርሁት፣ በአማርኛ ጻፍሁ፤ ሊያት ትተርጉመው።

መስከረም 18፣ ሲፕሮ 500፣ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ቀን። ያለ ምክንያት ተቋረጠ።
ጥቅምት 14፣ ያው መድኃኒት፣ አራት ቀን። ያለ ምክንያት ተቋረጠ።
ኅዳር 12፣ ያው፣ ሁለት ክኒን፣ አንድ ጊዜ።
ቀሪ፣ አራት።
ማዘዣ፣ የለም።
ሰጪ፣ ባይነሽ፣ ነርስ።

ከስሜ አጠገብ ያንን ቃል ከጻፍሁ አርባ አንድ ዓመት ሆኖኛል።

ዶክተሩ ማንበብ ባይችልም ረጅም ጊዜ አየው። «ሌሎችም አሉ?» አለኝ።

«በሕንፃችን ውስጥ አሉ» አልሁት። «ዝርዝሩን ከነቀኑ እጽፍልሃለሁ። በፊት ግን ራሳቸውን ልጠይቅ፤ ስማቸው የእነርሱ ነው።»

ማታ ከመተኛቴ በፊት ከኅዳር 12 ጽሑፌ የሰረዝሁትን መስመር ከጎኑ እንደገና ጻፍሁትና ፈረምሁበት።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 13

አገርነሽ፦ ሙቀት 36.7፣ የልብ ምት 78፣ ሽንት 1100።

ወደ ቤት ለቀቋት። ኩላሊቷ እንደ ዱሮው አይሆንም፤ በየሳምንቱ እንመላለሳለን። ብልቃጡን የምይዘው እኔ ነኝ።

ጧት አባ ቢረሳው እንደገና መጥተው ነበር። ለምን እንደማልሰጣቸው ነገርኋቸው፣ ለምን ሰጥቻቸው እንደነበረም ጭምር። ተቀየሙኝ። ነገ ኩፓት ሆሊም አብሬያቸው እሄዳለሁ፤ ደረታቸውን ካላዳመጠቻቸው ከልጅቱ ጋር የምነጋገረው እኔ ነኝ።

ረዑት እኅቴን ደግፋ ደረጃውን አወጣቻት። አገርነሽ ደጃፉ ላይ ስትደርስ ቆመች። ገላዋ አልታጠበም፣ ወንዝም የለም። እግሯን ከመድረኩ ወዲያ አቁማ አየችኝ።

«ልለፍ?» አለችኝ።

እኔ ወጣሁ። ጓንት አልነበረኝም። ሁለት እጇን ያዝሁ፤ ይሞቃል፣ እንደ ጤነኛ ሰው እጅ ነው የሚሞቀው። ይዣት ገባሁ።

ከዚያ ሁለታችንም በሳሙና ታጠብን።